የወንድምን እጅ መያዝ



 

ከጁምዓ ሶላት ተመልሼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከወደ አሜሪካ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ሚኒሶታ በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የምትኖር እህታችን ናት። ታሪኳን የምጽፈው በፈቃዷ ሲሆን ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼዋለሁ። በመጀመሪያ ስለ ዘካ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ስለ ልጆቿ የቁርአን ትምህርት አነሳች። ሰው የልቡን ከመናገሩ በፊት እንዲህ ዳር ዳሩን እንደሚል ስለማውቅ ዝም ብዬ ጠበቅኳት። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ኡስታዝ፣ ባለቤቴ ሥራ ካቆመ ከረመ። ሌሊት አይተኛም። ከኛ ጋር አይበላም። ሶላቱንም አንዱን ሰግዶ አንዱን ይተዋል። ሽጉጡ ደግሞ ከራስጌው ኮመዲኖ ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት ሄጄ ባመለክት ለጊዜው እንደሚወስዱለት ሰምቻለሁ። ግን ባሌን ለባዕድ አገር ዳኛ አሳልፌ ብሰጥ አላህ ዘንድ ምን እባላለሁ? ሰዉስ ምን ይለኛል?»

ለእርሷ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ዛሬ በአዲስ አበባ ባሕር ማዶ ወንድም ወይም እህት የሌለው ቤት ስንት ነው? እዚያ ያሉትን የምናማክረውም የምንመክረውም እኛው ነን። አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ከዚህ ሆኖ «ተዪ፣ ገመናሽን አታውጪ» ቢላት እዚያ የሚከተለውን ነገር ማን ይሸከመዋል? ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አሜሪካ በግለሰቦች እጅ ያለው የጦር መሣሪያ ከሕዝቧ ቁጥር የሚበልጥባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 48 ሺህ 830 ሰዎች በጥይት ሞተዋል። ዜና ማሠራጫዎች የሚያወሩት በትምህርት ቤትና በገበያ አዳራሽ ስለሚፈጸመው ግድያ በመሆኑ አብዛኛው ሟች በሌላ ሰው እጅ የወደቀ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ 26 ሺህ 328ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ የገዛ ነፍሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ብዙዎቹም በር ዘግተው በገዛ ቤታቸው ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 19 ዓመት የሆኑ የአሜሪካ ልጆችን በመግደል ከበሽታም ከመኪና አደጋም ቀድሞ የተገኘው ጥይት ነው።

እህታችን የፈራችው እንግዲህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የሐኪሞች ጥናት አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። ነፍሱን ለማጥፋት ሽጉጥ ያነሳ ሰው ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ አይተርፍም። በሌላ በኩል ሞክረው ከተረፉት ሰዎች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ በኋላ ነፍሳቸውን አያጠፉም። ይህ ምን ማለት ነው? ያ የጨለማ ሰዓት ያልፋል ማለት ነው። ሰውየው ሰዓቱን ካለፈ ይኖራል፤ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ወደ ጌታውም ይመለሳል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ ነፍሳችንን እንዳናጠፋ ከከለከለን በኋላ ወዲያው ለኛ አዛኝ መሆኑን የነገረን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ሰዓት አጠገቡ ያለው ሰው ይህን እዝነት በእጁ ሊያደርስለት ይችላል፤ ወይም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

መንግሥታቱ ምን አደረጉ? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሣሪያ መያዝን መብት ስላደረገው በአገር ደረጃ ብዙ ነገር ማድረግ አዳጋች ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ሕግ ያወጣል። ኮኔቲከት የተባለችው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 ቀዳሚ ሆና ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ሆኖ ከተገኘ ሰው መሣሪያው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለጊዜው እንዲወሰድ ደነገገች። ኢንዲያና በ2005 ተከተለች። በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ሌሎች በርካታ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ20 በላይ ነው። እህታችን የምትኖርባት ሚኒሶታ ሕጉን ያጸደቀችው በ2023 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2024 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቤተሰብ አባል ወይም አብሮ የሚኖር ሰው፣ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ዳኛው አደጋው አፋፍ ላይ ነው ብሎ ካመነ ለ14 ቀን የሚጸና አስቸኳይ ትዕዛዝ ይሰጣል። ከዚያ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚቆይ ትዕዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ሰውየው መሣሪያውን ለፖሊስ ወይም ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ነጋዴ ያስረክባል። ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ሰውየው ወንጀለኛ አይባልም፤ አይታሰርም። ለማጥቃት ብሎ የሐሰት አቤቱታ ያቀረበ ግን በወንጀል ይጠየቃል። የኮኔቲከትን የብዙ ዓመት መዝገብ የመረመሩ ምሁራን መሣሪያቸው ከተወሰደባቸው ከ10 እስከ 20 ከሚሆኑ ሰዎች የአንዱ ነፍስ ራሱን ከማጥፋት መትረፉን ገምተዋል። ቁጥሩ ለአንዳንዱ ትንሽ ይመስለው ይሆናል። አንድን ነፍስ ማዳን የሰውን ዘር ሁሉ እንደማዳን መሆኑን ከሱረቱል ማኢዳ 32ኛ አንቀጽ ለተማረ ሙስሊም ግን ይህ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። «አሳልፌ ሰጠሁት ወይ?»

በመጀመሪያ በኢስላም ፊቅህ «ሐጅር» የሚባል ነገር መኖሩን እናስታውስ። ሱረቱ-ን-ኒሳእ 5ኛውና 6ኛው አንቀጾች ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ለማስተዋል ላልበቁ ሰዎች ገንዘብ በእጃቸው እንዳንሰጥ፣ ነገር ግን እያበላንና እያለበስን በመልካም ቃል እንድናናግራቸው፣ የቲሞችንም ፈትነን ማስተዋልን ስናይባቸው ንብረታቸውን እንድንመልስላቸው ያዘናል። የተያዘው ንብረት የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል። ሰውየው አይዋረድም፤ በመልካም ቃል ይያዛል። ማስተዋሉ ሲመለስም ንብረቱ ይመለሳል። እንግዲህ ገንዘብን እንኳ ለባለቤቱ ጥቅም ሲባል ከእጁ ማቆየት ከተፈቀደ፣ አንዴ ከወጣች የማትመለስ ጥይት በምን ሚዛን ትቀላለች?

በዚህ ላይ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ የተለየ አቋም እንደነበራቸው የሚያውቅ አንባቢ ሊኖር ይችላል። እውነት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ኢማሞች፣ እንዲሁም የራሳቸው ተማሪዎች አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ በአዋቂ አባካኝ ላይ ሐጅርን ሲፈቅዱ፣ አቡ ሐኒፋ ግን ለአቅመ አዳም የደረሰን ጤነኛ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ማዘዝ እንዳይችል ማድረግ ሰውነቱን መንካት ነው ብለው ሰግተዋል። ነገር ግን እኚሁ የሰውን ነፃነት እንዲህ አጥብቀው የጠበቁ ኢማም፣ ያልተማረ ሐኪም ሰውን ከማከም እንዲታገድ ፈቅደዋል። ለምን? የአባካኙ ጉዳት በራሱ ኪስ ላይ ሲሆን የመሃይሙ ሐኪም ጉዳት ግን በሰዎች ገላ ላይ ስለሆነ ነው። የኮመዲኖው ሽጉጥ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ቀጥሎ አነስ (ረ.ዐ.) የዘገቡትንና ቡኻሪ ያሰፈሩትን ሐዲስ እንመልከት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድማችንን በዳይም ሆነ ተበዳይ እንድንረዳው አዘዙ። ሶሃቦቹ ግራ ገባቸው። ተበዳዩን መርዳትስ ይገባናል፤ በዳዩን እንዴት? ብለው ጠየቁ። መልሱ እጁን በመያዝ የሚል ነበር። ከበደል ትከለክለዋለህ፤ እርሱን መርዳት ማለት ይህ ነው። ራሱን ሊያጠፋ ከሚችል ሰው የሚበልጥ ነፍሱን የሚበድል ማን አለ? ሚስቱ እጁን በጉልበት መያዝ ካልቻለች መያዝ በሚችለው በኩል ብታስይዘው ይህ ክህደት ነው ወይስ እርዳታ?

ብዙዎቻችንን የሚያደናቅፈን የገመና ነገር ነው። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን እንደሚሸፍንለት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እሰየው፤ ደግ ሰምተናል። ነገር ግን ኢማሙ-ን-ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው እንደለዩት፣ መሸፈን ያለበት ሠርቶ ያለፈውና በክፋት ያልታወቀው ሰው ጥፋት ነው። ገና እየሆነ ያለውን ጉዳት የቻለ ሰው ሊያስቆመው፣ ካልቻለም ለሚችለው ሊያደርሰው ይገባል። እኚሁ ዓሊም በሪያዱ-ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ለዳኛ አቤት ማለትንና ጉዳትን ለማስቆም እርዳታ መጠየቅን አስቀምጠዋል። እህታችን የባሏን ስም በሠርግ ቤት አላነሳችም። ነገሩን ሊያስቆም ለሚችል ሰው ለመናገር ነው የምትጨነቀው። በእኛ ዘንድ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ ነገሩ ተገልብጧል። ቡና ላይ የማናወራው ገመና የለም። ነፍስ የሚያድን ቃል ስንባል ነው «ነውር ነው» የምንለው።

የዳኛውም ነገር እንዲሁ ነው። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ገና ሳይሰልም ዙፋኑ ሥር ፍትሕ ያገኙት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሃቦች ናቸው። የእኛ አገር ሙስሊም ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ በኩራት የሚናገረው ነው። ታዲያ ሕፃናትን ከጥይት የሚያድን ትዕዛዝ በሌላ እምነት ሰው ብዕር ቢፈረም ምን ያጎድላል?

ይህ ስለ አዋቂዎች ነው። ስለ ልጆች ደግሞ ከሚኒሶታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሚሺጋን እንሻገር። ሚሺጋን ዲርቦርንና ሃምትራምክ የተባሉት ብዙ ሙስሊም የሚኖርባቸው ከተሞች የሚገኙባት ክፍለ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2021 ኦክስፎርድ በምትባል ከተማዋ የ15 ዓመት ልጅ አራት የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ገደለ። ሽጉጡን አባቱ የገዛለት ከአራት ቀን በፊት ነበር። በዚያው ዕለት ጠዋት ልጁ በሳለው የሚያስደነግጥ ሥዕል ምክንያት ወላጆቹ ትምህርት ቤት ተጠርተው ነበር። ልጁን ሳይወስዱት ተመለሱ። በኤፕሪል 2024 እናትም አባትም እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በአሜሪካ ታሪክ ልጃቸው በትምህርት ቤት ለፈጸመው የጅምላ ግድያ በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው የመጀመሪያዎቹ ወላጆች ናቸው። አንዳንዱ «ልጁ ለሠራው ወላጅ ምን አጠፋ?» ይላል። እኔ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁላችንም እረኞች መሆናችንን፣ ሁላችንም ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ የነገሩንን አስባለሁ።

የሚሺጋን አገረ ገዥ ግሬቸን ዊትመር በኤፕሪል 2023 የፈረመችው ሕግ የሚለው ቀላል ነገር ነው። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ባለበት ወይም ሊመጣ በሚችልበት ቤት ያለ ጠባቂ የተተወ መሣሪያ ጥይቱ ወጥቶ ይቆለፍበት፣ ወይም በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ። ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ልጅ አግኝቶት ሰው ከሞተ ባለቤቱ እስከ 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሕጉ የጸናው በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 ነው። በማግስቱ፣ አዎ በማግስቱ፣ ፍሊንት በምትባል ከተማ የሁለት ዓመት ሕፃን የአባቷን ሽጉጥ አግኝታ ራሷን በጽኑ አቆሰለች። በአዲሱ ሕግ መጀመሪያ የተከሰሰው ይህ አባት ሆነ።

በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ላይ በመሣሪያ ጥቃት ያደረሱ ልጆችን ጉዳይ ያጠናው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ዘገባ ሦስት አራተኛ ያህሎቹ መሣሪያውን ያገኙት ከወላጃቸው ወይም ከቅርብ ዘመዳቸው ቤት መሆኑን ገልጿል። ሌባ ሰብሮ አልሰጣቸውም። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ካልተቆለፈ መሳቢያ ነው ያገኙት። «ልጄ የት እንዳስቀመጥኩት አያውቅም» የሚል አባት የራሱን ልጅነት የረሳ ነው። እናታችን የደበቀችውን ስኳር ያላገኘ ከመካከላችን ማን አለ?

«ሁሉም በቀደር ነው፤ የአላህን ውሳኔ ቁልፍ አይመልሰውም» የሚል ክርክርም እሰማለሁ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን መዲና ውስጥ አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጠለ። ወሬው ሲደርሳቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን፣ ስንተኛም እንድናጠፋው ነገሩን። በሌላ ዘገባ ደግሞ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን በቤተሰቡ ላይ ልታቃጥል እንደምትችል ተናግረዋል። ሁለቱም በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛሉ። እስቲ አስቡት! አይጥ ክር ጎትታ ቤት የምታቃጥለው በስንት ዓመት ስንት ጊዜ ነው? የአላህ መልእክተኛ ግን ስለዚች አይጥ ተናገሩ። ከእርሳቸው የበለጠ በአላህ የሚመካ ማን ነበር? የኩራዝ ክር ያሳሰባቸው ነቢይ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በልጆች መኝታ ቤት ቢያዩ ምን ሊሉ ይችሉ እንደነበር ለመገመት ዓሊም መሆን አያሻም።

ደግሞም ስለ መሣሪያ በቀጥታ የተናገሩትን እናውቃለን። በመስጂድ ወይም በገበያ መካከል ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይቀባበሉ ከልክለዋል። በወንድም ላይ መሣሪያ ማነጣጠርንም፣ ሸይጧን እጁን ስቦ ወደ እሳት ሊጥለው እንደሚችል እያስጠነቀቁ ከልክለዋል። በዚያ ዘመን ቀስትና ሰይፍ ሙስሊሞች ነፍሳቸውንና ዲናቸውን የሚጠብቁበት ነበር። ያዡም ሶሃባ ነው፤ ቦታውም የእርሳቸው መስጂድ ነው። ሆኖም ጥንቃቄው የተጣለው በያዡ ላይ እንጂ በአላፊ አግዳሚው ላይ አይደለም። መሣሪያ መያዝ ተፈቀደ፤ ጫፉ ግን ይያዝ ተባለ። የሚሺጋን ሕግም ቢሆን ሽጉጡን አልከለከለም፤ ጫፉን ያዝ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የእህቶቻችንንና የወንድሞቻችንን ሌላ ፍርሃት ሳላነሳ ባልፍ አድላዊ እሆናለሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2017 በሚኒሶታ ብሉሚንግተን ከተማ ዳሩል ፋሩቅ በተባለው መስጂድ ላይ ለፈጅር ሶላት ሰዎች በተሰበሰቡበት ሰዓት ቦምብ ፈንድቷል። አላህ ጠብቋቸው የተጎዳ የለም። በማርች 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ሁለት መስጂዶች ውስጥ 51 ሙስሊሞች በጥይት ተገድለዋል። «ታዲያ እኛን ማን ይጠብቀን?» የሚል ሰው ከንቱ አይናገርም። የኒውዚላንድ ፓርላማ መልሱን ወር ሳይሞላ በ119 ድምፅ ለ1 ሰጥቷል፤ ለጦር ሜዳ የተሠሩ ዓይነት ጠመንጃዎችን ከሕዝብ እጅ ሰብስቧል። አሜሪካ እንዲያ አላደረገችም። ስለሆነም እዚያ ያለ ሙስሊም ራሱን ለመጠበቅ በሕግ መሣሪያ ቢይዝ አልወቅሰውም። ግን መስጂድ ለመጠበቅ የተገዛ ሽጉጥ ከሚያስጨንቀው ሰው ራስጌ ሲቀመጥ የሚጠብቀው ማንን ነው?

የፖሊስ ፍርሃትም አለ። ይህኛው ከሁሉ ይከብደኛል። በጁላይ 2016 በዚሁ በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መኪናውን በፖሊስ እንዲያቆም ተደረገ። ፈቃድ ያለው መሣሪያ መያዙን ራሱ ተናገረ። ወዲያው የአራት ዓመት ሕፃን በኋላ ወንበር ተቀምጣ እያየች በጥይት ተገደለ። ተኳሹ ፖሊስ በፍርድ ቤት ነፃ ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። ጥቁር ሙስሊም ባል ያላት ሴት ፖሊስ ቤቷን ሲያንኳኳ ማሰብ ቢያንቀጠቅጣት ማን ይፈርድባታል? ሕግ አውጪዎቹ ይህን ችግር በሚገባ አልፈቱትም፤ ሕጉ ጥሩ ነው ስል ይህን ጉድለት ሸፍኜ አይደለም።

ነገር ግን ከፖሊስ በፊት ብዙ በር አለ። የመጀመሪያው በር ሰውየው ራሱ ነው። ልቡ ረጋ ባለበት ሰዓት የሚያከብረው ሰው፣ ታላቅ ወንድሙ ወይም የመስጂዱ ኢማም፣ «እስክትሻል ድረስ ፈቃድ ላለው ነጋዴ አደራ እናስቀምጠው» ቢለው ብዙ ሰው እሺ ይላል። ሐኪም አለ። እዚያ አገር ከ2022 ጀምሮ 988 ደውሎ በጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው ሌሊትም ቢሆን እርዳታ መጠየቅ ይቻላል። መስጂዶቻችንም ለምንጣፍና ለሚናራ ገንዘብ የሚያሰባስቡትን ያህል፣ ይህን የፍርድ ቤት ሥርዓት የምታውቅና አንዲትን እናት ይዛ የምትሄድ አንዲት እህት፣ አንድም ጠበቃ ቢያዘጋጁ ምን ነበረበት? እነዚህ በሮች ሁሉ ተዘግተው ሌሊቱ ከገፋ ግን ዳኛው በር ላይ መቆም ነውር አይደለም። ግዴታ ሊሆን የሚችልበት ሰዓትም አለ።

ሌላም ከስደተኛው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነገር ልጨምር። በፌብሩዋሪ 2024 በርንስቪል በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ሰባት ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ የመሸገ ሰው ሁለት ፖሊሶችንና አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገድሎ ራሱንም አጠፋ። ይህ ሰው በቀድሞ ጥፋቱ መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ የተከለከለ ነበር። መሣሪያዎቹን የገዛለት ሌላ ሰው ነው። ክፍለ ግዛቲቱ በዚያው ዓመት ለሌላ ሰው ብሎ በራስ ስም መግዛትን ከባድ ወንጀል አደረገችው። እኛ ዘንድ አብሮ አደግ ወይም የአገር ልጅ «በስምህ ውሰድልኝ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። መኪናም ስልክም እንዲህ ተገዝቷል። መሣሪያ ግን መኪና አይደለም። በወንጀልና በድንበር ማለፍ እንዳንተባበር በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ የታዘዝነው ወዳጅም ቢሆን ነው።

በኦገስት 2025 ደግሞ በሚኒያፖሊስ አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጸሎት ላይ በነበሩ ተማሪዎች ላይ ጥይት ተተኩሶ ሁለት ሕፃናት ሞቱ። አንዱ የ8፣ ሌላዋ የ10 ዓመት ልጆች ነበሩ። መሣሪያዎቹ በሕጋዊ መንገድ የተገዙ ናቸው። የእነዚያ እናቶች እንባ ከክራይስትቸርች እናቶች እንባ አይለይም። ሚኒሶታ ሕጉ ነበራት። ሕጉ ግን የሚያንኳኳው ሰው ይፈልጋል።

እኛ አዲስ አበባ ያለነውስ ከዚህ ነገር ነፃ ነን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ሆኖም በየገጠሩ በሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት የት እንደሚወርድ የሚጠይቅ የለም። ከገጠር የመጣ የአባት ሽጉጥ በቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ቤት አውቃለሁ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ አምስት ወቅት ሰጋጅ ነው። ቁልፍ እንዲገዛ ነግሬው ሳቀብኝ።

ወደ እህታችን ልመለስና ልጨርስ። በዚያ ቀን የነገርኳት ይህ ነው፦ «እህቴ፣ ዛሬውኑ ለታላቅ ወንድሙ ደውዪ። እርሱ መጥቶ ያናግረው። ሐኪም ጋም አብረውት ይሂዱ። እምቢ ካለና የምትፈሪውን ምልክት ካየሽ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፤ ከዚያም ዳኛው ዘንድ ሂጂ። በዚህ አላህ ዘንድ የምትጠየቂበት አይታየኝም። ዝም ብለሽ ብትቀሪ ግን እፈራልሻለሁ።» ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከኋላዋ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ወንድሙ የሚኖረው ሌላ ክፍለ ግዛት ነው፤ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው» አለችኝ። «ይምጣ» አልኳት።

ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ እስካስረከብኩበት ዕለት ድረስ መልሳ አልደወለችም። እኔም በየቀኑ ስልኬን አያለሁ።

ወላሁ አዕለም።